ሰማንያ ቀን ከሁለት አራሶች ጋር

እልልታውን የቆጠርኩት በረንዳ ላይ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ዝም። ለወንድ ሰባት ነው፣ ለሴት ሦስት። አራተኛውን ጠበቅኩ። ውሃው ከባልዲው ጠርዝ እየፈሰሰ እግሬን ሲያርሰው እንኳ ጠበቅኩ። ከውስጥ የሴቶቹ ሳቅና ወሬ ተሰማ እንጂ አራተኛ እልልታ አልመጣም።

ሌላ ሰው ቢሆን እህቱ በሰላም በመገላገሏ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ቀን ነበር የምቆጥረው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ ሴት በሰማንያ። ክርስትና እስኪነሳ ድረስ አራስ ብቻዋን አትተውም። ከአጠገቧ ሰው፣ ከትራሷ ሥር ብረት አይጠፋም። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። እናታችን ካረፈች ቆይታለች፣ ሌላ ሴት ዘመድ በቅርብ የለንም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በዚያው ሰኔ ነው። የረዳት ነርሶች ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነበር፤ ስቆጥረው ልጅቷ ከተወለደች አምሳ ሁለተኛው ቀን ላይ ይውላል። ወንድ ቢሆን ኖሮ በአርባ ቀኔ ወጥቼ፣ ዐሥራ ሁለት ቀን ተረጋግቼ አጥንቼ እሄድ ነበር። ሴት ሆነችና ፈተናው እሥሬ መሃል ላይ ወደቀ። በዓመት አንዴ ብቻ የሚሰጥ ፈተና ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እህቴ እንደገና አትወልድም ያለኝ ሰው የለም።

እምቢ ማለት ትችዪ ነበር ይሉኛል። አልችልም ነበር። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት እህቴ ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። በአሥራ አራተኛው ቀን ባሏ ፈረቃ ገባ፣ ጎረቤት ለቅሶ ሄደ፣ እሷ ብቻዋን ዋለች። እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ ልጁ ቀዝቅዟል። ብቻዋን ስለተተወች ነው አለ ሰው ሁሉ። ያን ቀን ከምማርበት ከተማ መጥቼ አብሬያት መዋል የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የመንፈቅ ዓመት ፈተና ነበረብኝና ቀረሁ። እህቴ ይህንን አንድ ቀን እንኳ አንስታብኝ አታውቅም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር፤ አንዴ ተጣልተን ይወጣልን ነበር። ስላላነሳችው ሰማንያ ቀን ተቀመጥኩ።

ቤቱ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አጥር ሥር ካሉት የሠራተኛ ቤቶች አንዱ ነው፤ በአንድ ቆርቆሮ ሥር አሥር በር ያለው ረጅም ቤት፣ ለእያንዳንዱ በር አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ። አራስን ብርድ እንዳያገኛት መስኮቱ አይከፈትም፣ ምች እንዳይመታት በሩ ገርበብ ነው የሚለው። ውስጡ ቅቤ፣ ጤና አዳምና ያልደረቀ የሽንት ጨርቅ ይሸታል። በቀን ሦስት ጊዜ የፋብሪካው ጡሩንባ ይነፋል፣ ፈረቃ ይቀየራል፣ የሰው ኮቴ በበራችን በኩል እየተንጋጋ ያልፋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ ሁሉ ኮቴ አንዱ እንኳ የእኔ አልነበረም። ወደ ቦኖው ውሃ ለመቅዳት ስወጣ እንኳ እህቴ ከአልጋዋ ላይ ትቆጥርብኛለች። ወረፋ በዝቶ ከቆየሁ ስመለስ ፊቷ ልብስ እንደሚጨመቅ ተጨምቆ አገኘዋለሁ። ልጅቷን ወደ ደረቷ ጠጋ ታደርጋታለች፣ በቃ።

ደብተሮቼን ይዤ ነበር የገባሁት። በመጀመሪያው ሳምንት አነበብኩ። በሁለተኛው ሳምንት የአጥሚቱ ድስት ሥር አስቀመጥኳቸው። ፍልሰታ ሲገባ እኔ ጾመኛ፣ እሷ ቅቤ በቅቤ፤ ገንፎዋን እያገላበጥኩ ሽታው አፍንጫዬን ሲሞላው የምራገመው ማንን እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር።

ድመቷ የመጣችው በሃያ ስምንተኛው ቀን ነው። አንድ ጆሮዋ የተቀደደ ግራጫ ድመት፣ የጥጥ መጋዘኑ ድመት። አይጥ ትይዛለች ተብሎ እዚያ የምትኖር፣ ማንም የእኔ ናት የማይላት ነች። በጓዳው በር ሥር ሾልካ መግባቷን አላየንም። ከሰዓት በኋላ እህቴ ድንገት ቀና አለችና «ከሥሬ አንድ ነገር ይጮኻል» አለች። አልጋው ሥር ጎንበስ አልኩ። የሽንት ጨርቅ የምናስቀምጥበት የሳሙና ካርቶን ውስጥ፣ አጥቤ ባጣጠፍኳቸው ጨርቆች ላይ፣ አራት እርጥብ ነገሮች ይላወሳሉ። እናትየዋ ቀና ብላ አየችኝና መላሷን ቀጠለች። ጨርቆቹን ያጠብኳቸው ያን ዕለት ጠዋት ነው።

የእህቴ ባል ከፈረቃው ሲመለስ ጆንያ ይዞ ተንበረከከ። ወንዙ ቅርብ ነው፣ ክረምት ነው፣ ሞልቷል፤ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነበር። እኔም እውነቱን ለመናገር አልከለከልኩትም። የከለከሉት እናቱ ናቸው። የእህቴ አማት በየቅዳሜው ከቂሊንጦ በኩል በእግራቸው ይመጣሉ፤ ገበሬ ናቸው፣ አማርኛቸው መሃል ኦሮምኛቸውን ጣል ያደርጋሉ። ጆንያውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

እሱ ለሕፃኗ አስቤ ነው፣ ድመት ትንፋሽ ላይ ትተኛለች ይባላል፣ ምናምን አለ።

«አራስ ከቤት አይባረርም» አሉት። «ድመትም ብትሆን አራስ ነች። ጆንያህን አጣጥፍ።»

አጣጠፈ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩና «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እንግዲህ ሁለት ሆኑልሽ።» ሳቁ። እህቴም ሳቀች፤ ከወለደች ወዲህ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። ካርቶኑን በእግሬ ወደ ጓዳው ገፋሁት፤ ድመቷ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ ይዛ እየተመላለሰች ወደ አልጋው ሥር መለሰቻቸው። ሁለት ጊዜ ገፋሁት፣ ሁለት ጊዜ መለሰች። በመጨረሻ ካርቶኑን እዚያው ተውኩላት።

ከድመት ልጆች ዓይን ጋር የተያያዝኩት ወድጄ አይደለም። የምሠራው አጥቼ ነው። ከአልጋው ትይዩ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ የሚያርፈው አንድም እህቴ ላይ፣ አንድም ካርቶኑ ላይ ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። እና አሥረኛ ቀናቸው ግድም የአንዷን የዓይን ቆብ አየሁት። እንደ ራሰ ሽምብራ አብጧል። ገና አልተከፈተም፣ ከጥጉ ግን ቢጫ ነገር አውጥቶ ደርቋል። በማግስቱ ሌላዋ። ከዚያ አራቱም። እናትየዋ ትልሳቸዋለች፣ ተመልሶ ይጣበቃል። ያልተከፈተ ዓይን እንዴት ይታመማል? ገና ምንም ሳያይ፣ ከተዘጋ በር ጀርባ፣ መግሉ ይጠራቀማል። አውራ ጣቴን ቀስ ብዬ ሳሳርፍበት ከሥሩ ሞልቶ ይሞቃል።

የእህቴ ስጋት ሌላ ነበር። የሕፃኗን ዓይን በቀን አሥር ጊዜ ወደ ብርሃኑ አዙራ ታያለች። ካርቶኑን ነክቼ ቀና ባልኩ ቁጥር ከአልጋው ላይ ትቀበለኛለች፦

«ያቺን እጅሽን።»

«ታጠብኩ እትዬ።»

«በሳሙና?»

«በሳሙና።»

«ድገሚው።»

እደግመዋለሁ። አማትየው ደግሞ በዚያ ሰሞን መጥተው የድመቶቹን ዓይን አዩና፣ የሕፃን ዓይን ሲያመው የእናት ጡት ጠብ ይደረግበታል፣ ይህም ሕፃን ነው አሉ። እህቴ የልጄን ጡት ለድመት ብላ ነጠላዋን እስከ አንገቷ ሳበችው። እሳቸው የቀለዱ ይሁን የምራቸውን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አርባኛው ቀን መጣ። ወንድ ቢሆን የምወጣበት ቀን። ያን ዕለት ጠዋት ዝናብ አልነበረም፤ በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሠርቶ ነበር። እግሬን መስመሩ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ካላደረግኩ የምጮህ መሰለኝ። የእህቴ ባል ከፈረቃው ሲገባ ሁልጊዜም ፀጉሩና ቅንድቡ በጥጥ ብናኝ ነጭቶ፣ በአንድ ቀን ያረጀ መስሎ ነው የሚገባው። ያን ቀን በኪሱ አንድ እፍኝ ያልተፈተለ ጥጥ ይዞልኝ መጣ። ጥጡ ከሚበጠርበት ክፍል ወለል ላይ ከሚጠረገው ነው፤ የእኛ ሰፈር ሰው ትራሱን የሚሞላው በእሱ ነው። ያ ሰው ጆንያ ይዞ የነበረው ሰውዬ ነው፤ አሁን ግን እሱም ካርቶኑን እያየ መዋሉን ለምዶት ነበር።

«እንኪ ተማሪዋ» አለኝ። «ከጥጥ የሚነጻ ምን አለ?»

እኔም ምንም አልታየኝም። እኛ ሰፈር ጥጥ ማለት ንጽሕና ነው። የምንበላው በጥጥ ነው፣ የምንተኛው በጥጥ ላይ ነው፤ ጥጥ ይጎዳል ቢሉን እንስቅ ነበር። ጨው ጣል ባደረግኩበት ውሃ እየነከርኩ የደረቀውን ከዓይናቸው ላይ ጠረግኩ። አልላቀቅ ሲለኝ ፈተግ አደረግኩ። በዚያ ሁለት ቀን ውስጥ ሳልሰለች ጠረግኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተጋሁበት ነገር የለም። በተለይ ከሁሉም ያነሰችው፣ ጥቁሯ ላይ። በጣም የታመመችው እሷ ነበረችና ከሁሉ በላይ እሷን ጠረግኳት።

በአርባ ሁለተኛው ቀን የጥቁሯ ዓይን በጣም ከማበጡ የተነሣ ፊቷ ጠማማ ሆነ። ጠጋ ብዬ ሳይ ከቆቡ መሃል ጸጉር የመሰለ ነጭ ክር ወጥቷል። ሳብኩት። መጣ፣ መጣ፣ አላልቅ አለ። ትንሿ ነገር አፏን ከፍታ ጮኸች፤ ድምፅ ግን አልነበራትም።

የእህቴ ባል ምሳውን እየበላ ነበር። እሱ እስኪጨርስ መጣሁ አልኩና ጥቁሯን በነጠላዬ እጥፋት ይዤ ወጣሁ። እህቴ ወዴት ነው ስትል ሰማኋት። በአርባ ሁለት ቀን ውስጥ ከቦኖው አልፌ ስሄድ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከ ፋብሪካው ክሊኒክ ድረስ ሮጥኩ።

የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥቡትና መድኃኒት የሚሰጡት፣ ሸበቶ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ወረፋው ላይ ስድስት ሰባት ሠራተኛ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፣ ሁሉም ዓይኑን በመሐረብ ይዟል። ሰዎቹ ነጠላዬ ውስጥ ያለችውን ሲያዩ ሳቁ፤ አንዱማ የየትኛው ፈረቃ ሠራተኛ ነች ብሎ ጠየቀኝ። ድሬሰሩ አልሳቁም። ድመቷን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ይዘዋት ሄዱ።

«በምንድነው የጠረግሻት?»

በጥጥ፣ አልኳቸው። ከማበጠሪያው በመጣ ንጹሕ ጥጥ።

ዞር ብለው አግዳሚውን በአገጫቸው አሳዩኝ።

«እነዚህ ሁሉ ከየትኛው ክፍል የመጡ ይመስልሻል?»

የሁሉም ቅንድብ ነጭ ነበር።

አልተቆጡኝም። ብናኙ ዓይን ውስጥ ገብቶ እንደ እሾህ እንደሚፈትግ፣ ገና ባልጠነከረ ቆዳ ላይ ደግሞ የባሰ እንደሆነ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ያረጀ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ቀቅዪ አሉኝ። ለእያንዳንዱ ዓይን የራሱ ጨርቅ፤ የአንዱን ለሌላው ከነካሽ በሽታውን እያዞርሽ ነው። ለብ ባለ ውሃ ነክረሽ አስቀምጪበት፣ እስኪለሰልስ ጠብቂ፤ በፍጹም አትሳቢ፣ ራሱ ይላቀቅ። ከአፍንጫ ወደ ውጭ ጥረጊ። ከዚያ ቅባት። ሊያልቅ ጥቂት የቀረውን የዓይን ቅባት ከመሳቢያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ይህቺ ግን አንዱ ዓይኗ የሚተርፍ አይመስለኝም አሉ።

«ስንት ዓመትሽ ነው? ትምህርትስ?»

ነገርኳቸው። ፈተናውን ነገርኳቸው። ቀኑን፣ እህቴንም ባሏ ምሳ እየበላ ለእሱ ትቻት እንደመጣሁ ነገርኳቸው፤ አራስ ቤት እንዳለሁ ያውቃሉ፣ እዚያ ሰፈር የማይታወቅ ነገር የለም።

«ሂጂ» አሉኝ። «ምሳውን ጨርሶ ይሆናል።»

ጨርሶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እህቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ፣ ብረቱን በእጇ ይዛ ነበር። ብረቱ ቢላ አይደለም፣ ባሏ ያመጣላት የተጣለ የእንዝርት ብረት ነው። ብረቱን ከትራሷ ሥር አውጥታ ስትይዝ ያየኋት ያኔ ነው። አንዲት ቃል አልተናገረችኝም። እጄን ሳልታዘዝ ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ በጡሩንባው ሆነ። የጠዋቱ ሲነፋ፣ ቀትር ላይ፣ የከሰዓቱ ሲነፋ፣ ሲመሽ። አንድ ያረጀ የአቡጀዲ ትራስ ልብስ ነበር፤ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ መቶ ጊዜ ታጥቦ እንደ ውሃ የሳሳ። ስምንት ቦታ ቀደድኩት፣ ለስምንት ዓይን። እንዳይቀላቀሉብኝ በየጥጋቸው የተለያየ ክር ሰፋሁባቸው። ቀቅዬ ጓዳው ውስጥ ገመድ ላይ በተራ ሳሰጣቸው እህቴ ከአልጋዋ ሆና ስታየኝ ቆየችና፣

«የኔ ልጅ እንኳ ስምንት ጨርቅ የላትም» አለች።

«ያንቺ ልጅ ስምንት ዓይን የላትማ።»

ያ ከአርባ ሁለተኛው ቀን ወዲህ የተነጋገርነው የመጀመሪያ ነገር ነበር።

መጠበቅን ያኔ ነው የተማርኩት፣ ወድጄ ግን አይደለም። ጨርቁን ዓይኑ ላይ አሳርፎ፣ ውሃው ሥራውን እስኪሠራ ድረስ ምንም አለማድረግ። እጄ መሳብ ይፈልጋል። እኔ መላ ሰውነቴ መሳብ የሚፈልግ ሰው ነኝ። በሦስተኛው ቀን የአንዷ፣ የቀይዋ፣ ግራ ዓይን ጥጉ ላይ እንደ ጥፍር ጨረቃ ተላቀቀ፤ ቢጫው በራሱ ወጣ፣ ጠረግኩት፣ ከሥሩ እንደ ጭስ የደበዘዘ ሰማያዊ ነገር አየኝ። ወይም ያየኝ መሰለኝ። በማግስቱ ሁለት ተከፈቱ። እህቴ በየቀኑ «የዛሬውስ?» ማለት ጀመረች፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥላ ታያለች፣ ከዚያ ትዝ ይላትና እጅሽን ትላለች። በስድስተኛው ቀን ሰባት ዓይን ተከፍቷል። ስምንተኛው፣ የጥቁሯ ቀኝ፣ ሲከፈት ውስጡ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። እጄን ፊቷ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረግኩ። በግራዋ ተከተለችኝ። በቀኝ በኩል ስመጣባት ደነገጠች። ያ የእኔ ሥራ ነው። በሽታው አልነበረም፣ እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርኩም፣ እህቴ ግን የገባት ይመስለኛል፤ ያን ዕለት አጥሚቱን ስሰጣት ተቀብላ እጄን ሳትለቅ ትንሽ ቆየች።

ለፈተናው ቀን አማትየው እመጣለሁ ብለው ነበር። አንድ ቀን ቀድመው መጥተው አድረው፣ እኔ ጠዋት እሄዳለሁ፤ ከሦስት ሳምንት በፊት የተቆረጠ ነገር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በዋዜማው ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ከቂሊንጦ በኩል የመጣ ሰው የወንዙ መሻገሪያ በውሃ ተሸፍኗል፣ ከብት እንኳ አላልፍም ብሏል አለ። የእህቴ ባል ፈረቃ የሚለዋወጠው ሰው ፈልጎ አጣ። በቀኝ በኩል ያለችው ጎረቤታችን የጠዋት ፈረቃ ነች። በግራ በኩል ያለችው ልጆቿን ኩፍኝ ይዟቸዋል፣ አራስ ቤት አትገባም። የማውቀውን ስም ሁሉ በልቤ አንድ በአንድ ጠራሁ፣ አለቀብኝ።

ሲነጋ የጠዋቱ ጡሩንባ ነፋ። የእህቴ ባል ደጃፍ ላይ ትንሽ ቆመና ሄደ። እኔ ውሃ ለብ አደረግኩ። ፈተናው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ ያልያዘ አይደርስም። ካርቶኑን ሳብኩና ከቀይዋ ጀመርኩ። ያለቀስኩ እንደሆነ ጀርባዬን ሰጥቻት ነው። እህቴ ልጅቷን ስታጠባ ቆየች።

«ያኔም ፈተና ነበረብሽ» አለችኝ።

እጄ ቆመ። ሁለት ዓመት ስጠብቀው የነበረው ነገር መጣ።

«አዎ።»

«አለፍሽ?»

ጠይቃኝ አታውቅም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«አንደኛ ወጣሁ» አልኳት።

ልጅቷን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረቻት።

«እንግዲህ ሂጂ።»

«ማን አለሽ?»

በእግሯ ጣት ወደ ካርቶኑ ጠቆመች። ድመቷ በጎኗ ተኝታ ታጠባለች፣ የተቀደደው ጆሮዋ ወደ እኛ ዞሯል። «ይቺ አለች። ሁለት አይደለንም?» አለች። ፊቷ ላይ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ ነበር። «በሩን ሳትዘጊው ሂጂ። ክፍቱን ተዪው። ቶሎ ውጪ፣ ሳልቀይር።»

ወጣሁ። ቀሚሴን እንኳ አልቀየርኩም። መንገዱ ላይ ስደርስ ብርሃኑ ዓይኔን አስጨፈነኝ፤ ሰማዩ ከዝናቡ በኋላ ጠርቶ እንደ ቆርቆሮ ያበራል፣ እኔ ደግሞ አምሳ ሁለት ቀን ጭላንጭል ውስጥ ነበርኩ። እያጨናበስኩ ነው አውቶቡስ ላይ የወጣሁት። ቃሊቲ አለፈ፣ ሳሪስ አለፈ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት አሸተት አደረጉኝና ቤታችሁ አራስ አለ እንዴ አሉኝ። ቅቤው ልብሴ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሁለት አሉ አልኳቸው። እንኳን ማርያም ማረቻቸው ሲሉኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ስለ ፈተናው የምለው ጥቂት ነው። ተቀመጥኩ፣ የማውቀውን ጻፍኩ፣ ማለፍ አለማለፌ ከዚያ ቀን ጋር ግንኙነት የለውም። ትዝ የሚለኝ ቀትሩ ነው። እዚያ ጡሩንባ የለም። የሆነ ሰዓት ላይ ቀና ስል ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስትን አልፏል፣ ጨርቆቹ ገመድ ላይ ናቸው፣ የጥቁሯ ደህነኛው ዓይን ገና ያዣል፣ ከተዘጋ መልሶ ይጠራቀማል። ከዚያ አልጋውን በዓይነ ልቦናዬ አየሁት። እህቴ ተኝታ አየኋት። የመጨረሻውን ገጽ እንዴት እንደሞላሁት አላውቅም።

ከአውቶቡስ ወርጄ እስከ ቤት ድረስ ጭቃውን እየረገጥኩ ሮጥኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። ደጃፉ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ አንድ እርምጃ ነበር የቀረኝ፣ እሷን ለመራመድ የፈጀብኝን ጊዜ ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም።

እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ፣ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የእንዝርቱን ብረት ከእግሯ ሥር አስገብታ። ልጅቷ ተኝታለች፤ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል እስካይ ድረስ ዓይኔን አላነሳሁም። ካርቶኑ ከእህቴ ጎን ነው። ጥቁሯ በካርቶኑ ጠርዝ ላይ ግማሽ ወጥታ ተንጠልጥላለች፣ ደህነኛውን ዓይኗን ወደ በሩ አድርጋ። ጓዳው ውስጥ ገመዱ ላይ ስምንት እርጥብ ጨርቅ በተራ ተሰጥቷል።

የእህቴ ዓይን በእንቅልፍ እጦት ደም መስሏል። ከጠዋት ጀምሮ ከዚያ ቦታ ያልተነሳች ትመስላለች፤ ለጨርቁ ብቻ ተነስታ ተመልሳ የተቀመጠች።

«አልተኛሁም» አለችኝ። ከዚያ ወደ ካርቶኑ እያየች፣ «ጠርጌያቸዋለሁ። በየራሳቸው ጨርቅ። አልሳብኩም።»

ጎንበስ ብዬ ካርቶኑን አየሁ።

«እጅሽን ታጥበሻል?» አልኳት።

መጀመሪያ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ ሳልለይ ልጅቷን ከጭኗ ላይ ተቀበልኳትና አልጋው ላይ ወጥታ እንድትተኛ አደረግኩ። ራሷ ትራሱን ሳይነካ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጥቁሯን ከጠርዙ ላይ አንስቼ ወደ ውስጥ መለስኳት። ተመልሳ ወጣች። እንደገና መለስኳት፣ እንደገና ወጣች፤ ሦስተኛውን ተውኳት። ብርድ እንዳይገባባቸው ተነስቼ በሩን ገርበብ አደረግኩት። ክፍሉ እንደገና ጨለም አለ፣ ወለሉ ላይ ያቺ ቀጭን መስመር ብቻ ቀረች። ልጅቷን ታቅፌ በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሃያ ስምንት ቀን ይቀረን ነበር።